ያሸነፈ ያናፋ

በዚህ ሳምንት ስለ ማሳ አናወራም። ስለ ማዳበሪያና ስለ ጉድጓድ ውኃም አናወራም። በዚህ ሳምንት ስለ ጨዋታ እናወራለን።

«ጨዋታማ የልጆች ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። እኛም እንዲሁ ስንል ነበር። ኋላ ግን አንድ ጨዋታ በገዛ እጃችን ሠራን። ሠርተን ሞከርነው። ስንሞክረው አንዲት እናት አስከፋን። ከትምህርት አስቀረናቸው። ጨዋታውን ስናቃና ደግሞ ተመለሱ። ያን ጊዜ ጨዋታ ቀላል ነገር አለመሆኑ ገባን። እስቲ ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የንባብ ቡድናችን 12 ሰው ነው። በሳምንት 2 ቀን ማታ እንሰበሰባለን። ቀን ሙሉ ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ውኃ ሲቀዳ የዋለ ሰው ማታ ቁጭ ሲል እንቅልፍ ይጥለዋል። ደብተሩ ይገለጣል፤ ዓይን ግን ይከደናል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ያንኮራፋ ሰው በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ ከትምህርቱ በኋላ ጥቂት እንሳቅ ተባለ። ቡና ይፈላል። ቆሎ ይቀርባል። ጨዋታውስ ከየት ይምጣ?

እንቆቅልሽ አለ። ነገር ግን የመንደራችንን እንቆቅልሽ ሁሉም ያውቀዋል። ጠያቂው ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። «አገር ስጠኝ» የሚባልበት ጊዜ ጠፋ። ገበጣም አለ። ገበጣ ግን የ2 ሰው ጨዋታ ነው። ሁለቱ ሲጫወቱ 10 ሰው እያዛጋ ያያል። ካርታ እንዳንል ደግሞ ገንዘብ ያስይዛል፤ ገንዘብ ጠብ ያመጣል።

ያን ጊዜ አንዱ «ታዲያ የራሳችንን ጨዋታ ለምን አናወጣም?» አለ።

ሳቅንበት። «ጨዋታ ይወጣል እንዴ? ጨዋታ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወረስ ነው እንጂ!» አልነው።

ተሳስተን ኖሯል።

ጨዋታን ሰው ነው የሠራው

ገበጣን ተመልከቱ። በአንዱ አገር በ2 ረድፍ ጉድጓድ ይጫወቱታል። በሌላው አገር በ3 ረድፍ ይጫወቱታል። አንዱ እንጨት ይፈለፍልለታል። ሌላው መሬት ይቆፍርለታል። አንዱ በጠጠር፣ ሌላው በፍሬ ይጫወታል። ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ በፈረንጆች 1971 ስለ ገበጣ አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳትመው ነበር። በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከ100 በላይ የአጨዋወት ዓይነት ዘርዝረዋል።

ይህ ሁሉ ዓይነት ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። አንድ ገበሬ ወይም አንድ እረኛ «ይህችን ሕግ ብንለውጣትስ?» አለ። ለወጣት። ጓደኞቹ ወደዷት። ቀረች። ያልወደዷትም ተረሳች።

ቅርጫት ኳስንም ተመልከቱ። ስሙ ራሱ ይናገራል። ጄምስ ናይስሚዝ የሚባሉ መምህር ነበሩ። የተወለዱት ካናዳ ነው። በ1884 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1891) በአሜሪካ አገር ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ያስተምሩ ነበር። ወሩ ክረምት ነው፤ ውጭው በረዶ ነው። ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ ተዘግተው ሰልችቷቸዋል። አለቃቸው «በ14 ቀን ውስጥ ቤት ውስጥ የሚሆን አዲስ ጨዋታ አውጣልኝ» አሏቸው።

መምህሩ መጀመሪያ የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ ቤት አስገብተው ሞከሩ። አልሆነም። ቤቱ ጠበበ፤ ተማሪዎቹ ተጋጩ። ከዚያ አሰቡ። «ሰው የሚገፋተረው ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው። እንግዲያስ ኳስ የያዘ አይሩጥ» አሉ። ከዚያ 2 የኮክ ቅርጫት ተገኘ። ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ሰቀሉት። 13 ሕግ ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። 18 ተማሪዎችን 9 ለ9 ከፍለው አጫወቱ።

በዚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ኳሷ ቅርጫት የገባችው 1 ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞም ቅርጫቱ ድፍን ነበር። ኳሷ በገባች ቁጥር ወጥቶ የሚያወጣት ሰው ያስፈልግ ነበር! ከጊዜ በኋላ የቅርጫቱ ቂጥ ተከፈተ። የተጫዋቹም ቁጥር 5 ለ5 ሆነ። ጨዋታው እየተሞከረ፣ እየተቃና ዓለምን አዳረሰ።

እንግዲህ መምህሩ የያዙት የኮክ ቅርጫት ነበር። እኛ ደግሞ ጠጠር አለን፤ ስኒ አለን፤ የካርቶን ቁራጭ አለን። ምን ጎደለን?

የፊደል አህያ

የመጀመሪያው ጨዋታችን «የፊደል አህያ» ተባለ። የጨዋታው ሕግ ይህ ነበር።

ከካርቶን 33 ቁራጭ ቆረጥን። በያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍን። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልን እስከ ፐ ደረስን። ቁራጮቹን በቅርጫት ጨመርን። ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ቅርጫቱ በየተራ ይዞራል። ባለተራው ሳያይ አንድ ቁራጭ ያወጣል። ፊደሉን ያነባል። ከዚያ በዚያ ፊደል፣ ወይም ከሰባቱ ቤቶቹ በአንዱ የሚጀምር ቃል ይናገራል። ለ ከደረሰው «ላም» ቢል፣ «ሌሊት» ቢል፣ «ልብ» ቢል ይሆናል።

ዳኛው 5 ጠጠር ይዟል። አንድ አንድ እያለ ስኒ ውስጥ ይጨምራል። አምስተኛዋ ጠጠር ሳትገባ ቃሉ መነገር አለበት። ቃሉ ካልመጣ ተሸናፊው እንደ አህያ ያናፋል።

አናፊው ሲያናፋ የሚሳቀው ሳቅ ልክ የለውም። የመጀመሪያው ማታ ደስ አለን። እንቅልፍም ጠፋ። «ጨዋታችን ሰመረ!» አልን።

ፊትን ማየት ረስተን ነበር

በሁለተኛው ማታ ነው ነገሩ የተበላሸው።

በቡድናችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ትምህርቱን የጀመሩት ከሁላችን በኋላ ነው። ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ግን አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ቁራጭ አወጡ። ኘ ነበር። ጠጠሯ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለች። ቃል አልመጣም። አናፉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

ቅርጫቱ ዞሮ መጣ። አወጡ። ዠ ነበር። ጠጠሯ ጠብ፣ ጠብ አለች። አልመጣም። አናፉ። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን በዚህ ጊዜ አልሳቁም። እኛ አላስተዋልንም።

ለሦስተኛ ጊዜ አወጡ። ለ ነበር። ለ እኮ ቀላል ነው! ነገር ግን ሰው አንዴ ከደነገጠ ምላሱ ይታሰራል። ማለዳ ማለዳ የሚያልቧትን ላም እንኳ አጡዋት። አምስተኛዋ ጠጠር ገባች። አንዱ «አህያችን ለመደች!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን።

እናቲቱ አላናፉም። ደብተራቸውን አነሱ። «ጥጃ ሳላስር መጥቻለሁ» ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው ትምህርት አልመጡም። ከዚያም በሚቀጥለው አልመጡም።

በኘ ንገሩኝ!

መምህራችን ጠየቀን። «ምን ሆነው ነው የቀሩት?» አለ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ 5 ሆነን እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድን።

እንደ ደንቡ ተቀበሉን። ጠላ ቀዱልን። እኛ ወዲያና ወዲህ አወራን። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ «ጨዋታ ነው ብለን ነው። አንቱን ልናዋርድ አልነበረም። ይቅር ይበሉን» አለ።

እናቲቱ ዝም አሉ። ቆይተው «ልጆቼ፣ እኔ እናንተን አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ራሴን ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳጣ፣ አርጅቻለሁ፣ ትምህርት ለኔ አይሆንም አልኩ» አሉ።

ቀጠሉም። «ግን ሌሊት ሌሊት ሳስበው አደርኩ። ያችን ፊደል እስካሁን አልመጣልኝም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ። በኘ የሚጀምር ቃል ማነው?»

አሰብን። አንዱ «ኛ... ኛ...» ብሎ ቀረ። አንዱ ጣራ ጣራ አየ። መምህራችንም ከንፈሩን ነከሰ። ኘ በቃል መሐል አለ። በቃል መጨረሻም አለ። «ምኞት» እንላለን፤ «ዳኛ» እንላለን። በኘ የሚጀምር ቃል ግን አንዳችንም አላገኘንም።

እናቲቱ ከመደቡ ላይ የሽንብራ ፍሬ አነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አሉና ስኒ ውስጥ ጨመሩ።

«እንግዲያ አናፉ!» አሉ።

ምን ይደረግ? 5 ሰው በሰው ግቢ አናፋን። መምህራችንም አናፋ። ውሻው ጮኸ። ልጆቹ ከጓሮ ሮጠው መጡ። እናቲቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ያን ቀን አንድ ትልቅ ነገር ተማርን። እናቲቱ የወደቁት ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። ጨዋታው መልስ የሌለው ጥያቄ ጠይቋቸው ነው። ጥፋቱ የጨዋታው ነው። እኛ ግን ጨዋታውን ትተን በሰውዬዋ ሳቅን። እሳቸውም ጨዋታውን ትተው በራሳቸው አዘኑ።

ይህ ነገር በጨዋታ ብቻ አይደለም። ስንት ሰው «እኔ አይገባኝም» ብሎ ከትምህርት ቀርቷል! ምናልባት ያልገባው በእሱ ጥፋት አልነበረም። ምናልባት አቀራረቡ ነበር የተጣመመው።

እንዴት አቃናነው?

ቁራጮቹን አወጣንና አንድ በአንድ ፈተሽን።

ኘ፣ ዠ፣ ጰ እና ፐ ቃል ያስቸግራሉ። እነዚህን 4 አነሳን። ደግሞ ባለፈው ማታ ሌላ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ሐ ደረሰውና «ሀገር» አለ። ሌላው «ሀገርማ በሀ ነው የሚጻፈው፤ አናፋ!» አለው። ሊጣሉ ነበር። በጆሮ ሲሰሙት ግን ሀ እና ሐ አንድ ናቸው። ይህን ጠብ ለማስቀረት ድምፃቸው ከሌላ የሚመሳሰሉትን ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ለጨዋታው ብቻ አነሳን። 6 ናቸው። ከ33 ላይ 10 ሲነሣ 23 ቁራጭ ቀረ። (የተነሡትን ፊደላት በትምህርት ሰዓት እንማራቸዋለን። አልተጣሉም።)

ሁለተኛውን ማቃኛ ያመጡት እኒያው እናት ናቸው። «ተሸናፊው ለምን ያናፋል? እሱ አስቀድሞ ከፍቶታል። ያሸነፈ ያናፋ! ያሸነፈ ሰው ሆዱ ሞልቷል፤ ቢሳቅበት አይከፋውም» አሉ።

እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በአዲሱ ሕግ ቃሉን ያገኘ አንድ ሽንብራ ይወስዳል። ቃሉን ያጣ ምንም አይሆንም፤ ቅርጫቱን ያሳልፋል። በመጨረሻ ሽንብራው የበዛለት አሸናፊ ነው። አሸናፊው ተነሥቶ ያናፋል። ከሁሉ የተማረው፣ ከሁሉ ፈጣኑ፣ እሱ ነው አህያ የሚሆነው።

እንደገና ሞከርነው። መምህራችን አሸነፈ። አናፋ። በሚቀጥለው ማታ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ አሸነፈ። አናፋ። በሦስተኛው ሳምንት እናቲቱ አሸነፉ! ለ ደርሷቸው «ላም!» ያሉት ገና የመጀመሪያዋ ጠጠር ሳትገባ ነው። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካክለው አናፉ። እንዲያ ያለ ማናፋት አህያም አያውቀው!

አንድ ነገር ትዝ አለን። የገና ጨዋታም በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በቆልማማው ዱላ ሩሯን እያሯሯጡ ትንሹ በትልቁ ይቀልድ ነበር። በዚያ ቀን አሽከር ጌታውን ቢቀልድበት ጌታው አይቆጣም የሚል የቆየ ልማድ ነበር። የጥንት ሰዎች አውቀውታል ማለት ነው። ሳቅ ወደ ላይ ሲወጣ ያጫውታል። ወደ ታች ሲወርድ ይሰብራል።

ዝም ያለ ገበያ

ሁለተኛው ጨዋታችን «ዝም ያለ ገበያ» ነው። ግማሹ ሻጭ ይሆናል፤ ግማሹ ገዢ ይሆናል። አጫዋቹ ለአንዱ ሻጭ በጆሮው «ዶሮ» ይለዋል። ለአንዱ ገዢም በጆሮው «ዶሮ» ይለዋል። ለሌሎቹም እንዲሁ ማር፣ ወንፊት፣ ገመድ፣ በርበሬ እያለ ያድላል። ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ይገበያያል። መናገር ግን ክልክል ነው። በእጅ፣ በፊት፣ በአካል ብቻ ነው። ሻጭና ገዢ የተገናኙ ሲመስላቸው አብረው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ሁሉም የያዘውን ይናገራል። ዶሮ ልገዛ ወጥቶ ወንፊት ተሸክሞ የተመለሰ ብዙ ነው!

ይህም በአንድ ጊዜ አልተቃናም።

በመጀመሪያው ሙከራ 12 ሰው ባንድ ጊዜ ተነሣ። ቤቱ ሞላ። ሁሉም ስለሚገበያይ የሚያይና የሚስቅ ሰው ጠፋ።

በሁለተኛው ሙከራ አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ብቻ አስነሣን። አሁን ደግሞ ጨዋታው ረዘመ። ተራ ጠባቂዎቹ ተኙ።

በሦስተኛው ሙከራ 3 ሻጭና 3 ገዢ ተነሡ፤ 6 ሰው ተቀምጦ አየ። ከዚያ ተቀያየሩ። ይህ ሰመረ። ሦስቱንም ጊዜ የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ቁጥር ነው። ሁለት ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ብንለውጥ ኖሮ የትኛው እንዳቃናው አናውቅም ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

አንድ አዛውንት ግን አልነሣም አሉ። «እኔ በስተርጅና ዶሮ ሆኜ ክንፍ ላራግብ?» አሉ። አልለመንናቸውም። አላፌዝንባቸውም። «እንግዲያስ አያ፣ የገበያው ዳኛ ይሁኑልን» አልናቸው። ተስማሙ። አሁን ከጨዋታው ሁሉ የሚያስቀው የሳቸው ፍርድ ነው። ባለፈው ሳምንት «ይህ ሰው ማር እገዛለሁ ብሎ እባብ የነደፈው ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ለሐኪም ይክፈል» ብለው ፈረዱ። ለሁሉም ሰው የሚሆን ቦታ ከተፈለገ አይጠፋም።

የተውነው ጨዋታ

የሠራነው ሁሉ አልሰመረም። ዓይንን በሻሽ አስሮ ስኒ የመፈለግ ጨዋታ አውጥተን ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ 2 ስኒ ተሰበረ። አንዱም እጁን ወደ ምድጃው ፍም ሰደደ፤ ጎትተን አዳንነው። ያን ጨዋታ በዚያው ማታ ተውነው። የስኒውንም ዋጋ አዋጥተን ከፈልን።

መተውም አንድ ሥራ ነው። የደከምንበት ስለሆነ ብቻ መጥፎ ጨዋታ አንይዝም። እሳት፣ ስለትና የፈላ ውኃ ባለበት ዓይን አይታሰርም።

ቃል ወንዝ ሲሻገር

ከወንዝ ማዶ ሌላ የንባብ ቡድን አለ። «ጨዋታችሁን ስጡን» ብለው ላኩብን። ሄደን በቃል ልንነግራቸው ነበር። መምህራችን ግን «ጽፋችሁ ስጧቸው። ዘንድሮ መጻፍ ተምራችሁ የለም?» አለን።

አንድ ገበሬ ጓደኛችን የፊደል አህያን ሕግ ጻፈ። በ8 መስመር ጨረሰው። ሦስት ማታ ፈጀበት። ወረቀቱን ይዘን ተሻገርን። አንድ ስምምነት አደረግን። እነሱ ሲያነቡና ሲጫወቱ እኛ አንድ ቃል አንናገርም። እንሰማለን፤ እናያለን፤ በቃ።

ከባድ ነገር ነው! የማዶዎቹ ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡ። «ዳኛው 5 ጠጠር ይጣል» የሚል ተጽፎ ነበር። ዳኛቸው ተነሣ። 5ቱን ጠጠር ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ውጭ ጣላቸው! ተመልሶ ቁጭ አለ። «ቀጥሎ ምን ይላል?» አለ።

የጻፈው ጓደኛችን ሊጮህ አፉን ከፈተ። ጉልበቱን ያዝነው። ዝም አለ። ላብ በላብ ሆነ።

ሲመለስ ተናዶ ነበር። «ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለ። እናቲቱ መለሱለት። «ልጄ፣ ጣል ብለህ ጻፍክ፤ ጣሉ። ማንበብስ ችለዋል» አሉት።

በማግሥቱ ያን መስመር አቃናው። «ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ጠጠሮቹን በየተራ ስኒ ውስጥ ይጨምር» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን በልጅ እጅ ላከ። እኛ አልሄድንም። በሳምንቱ ማዶዎቹ መልስ ጻፉ። «ተጫወትን። ሊቀመንበራችን አሸነፈ፤ አናፋ» ይላል።

ጓደኛችን መልሱን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ «እኔ ቤቴ ተኝቼ፣ ቃሌ ወንዝ ተሻግሮ ሰው አሳቀ» አለ።

እናንተም አውጡ!

ውድ አንባቢዎች፣ በየቡድናችሁ ጨዋታ አውጡ። ከኛ ስሕተት ያገኘነውን እነሆ።

1. ባለው ነገር ጀምሩ። ጠጠር፣ ሽንብራ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ነጠላ ይበቃል። የሚገዛ ነገር አይኑር።

2. ሕጉን አሳጥሩ። ሦስት አራት ሕግ ይበቃል። ሕጉን ለመናገር ቡናው አንድ ጊዜ እስኪፈላ ከፈጀ በዝቷል።

3. መጀመሪያ እናንተ አውጪዎቹ ሞክሩት። መልስ የሌለው ጥያቄ እንዳለበት ፈትሹ።

4. ሲጫወቱ ነጥቡን ብቻ አትዩ፤ ፊታቸውን እዩ። ማን ዝም አለ? ማን አዛጋ? ማን ነጠላውን ወደ አፉ አስጠጋ?

5. ሲበላሽ ሰውን አትውቀሱ። ጨዋታውን ውቀሱ።

6. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከዚያ እንደገና ሞክሩ።

7. አልጫወትም ያለ አይገደድ። ሌላ ሥራ ስጡት።

8. የሚያስቀው ቅጣት በአሸናፊው ላይ ይሁን።

9. ገና እንደጣፈጠ አቁሙ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም» ሲባል ይብቃ። ለነገ ይናፍቃል።

10. ሕጉን ጻፉ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ዝም ብላችሁ እዩ።

የፊደል አህያ ሕግ

(ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።)

ከ4 እስከ 12 ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥ። አንድ ሰው ዳኛ ይሁን።

23 ፊደላት በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፈው ቅርጫት ውስጥ ይግቡ።

ባለተራው ሳያይ አንድ ቁራጭ ያውጣ። ፊደሉን ጮክ ብሎ ያንብብ።

በዚያ ፊደል ወይም ከሰባቱ ቤቶቹ በአንዱ የሚጀምር ቃል ይናገር።

ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ጠጠሮቹን በየተራ ስኒ ውስጥ ይጨምር።

አምስተኛዋ ጠጠር ሳትገባ ቃሉን የተናገረ 1 ሽንብራ ይውሰድ። ያልተናገረ ቅርጫቱን ያሳልፍ።

አንድ ጊዜ የተነገረ ቃል አይደገም። ቅርጫቱ 3 ጊዜ ሲዞር ጨዋታው ያበቃል።

ሽንብራው የበዛለት አሸናፊ ነው። ያሸነፈ ያናፋ!

መወያያ ጥያቄዎች

1. እናቲቱ ከትምህርት የቀሩት ለምንድን ነው? የተመለሱትስ ለምንድን ነው?

2. በእናንተ ቡድን ውስጥ ዝም የሚል ሰው አለ? ለምን ዝም ይላል?

3. «አይገባኝም» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር አለ? ጥፋቱ የማን ነበር?

4. በአገራችሁ ያለውን የገበጣ ሕግ ጻፉ። ከጎረቤት አገር በምን ይለያል?

5. በኘ የሚጀምር ቃል ታውቃላችሁ? ካገኛችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ። ከነገራችሁ በኋላ ግን ተነሥታችሁ አናፉ፤ አሸንፋችኋልና!